የከመነዳሪ መለጠፊያ ሣጥን ለጎማ ልብስ ጥገና፦ ከሱሉልታ የቀረበ ግምገማ

ለብስክሌትና ለሞተር ሳይክል ከመነዳሪ (በጎማው ውስጥ አየር ለሚሞላው ላስቲክ) ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ የመለጠፊያ ሣጥን፣ የጎማ ልብስን በቤት ውስጥ ለመጠገንና ለማስተካከል ከማስቲሽም ሆነ ከሱፐር ግሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በውስጡ ክብና ሞላላ ልጣፎች፣ አንድ ቱቦ ሶሉሽንና ትንሽ የብርጭቆ ወረቀት አሉ፤ ሌላ ምንም የለውም። የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ፣ የወተት ላም በሚያረቡ ሰዎች መካከል ነው። እዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ቦት ጫማ፣ የጎማ ሽርጥ፣ ረጅም የዝናብ ካፖርትና የጎማ ጓንት የየዕለት የሥራ ልብሶች ስለሆኑ፣ ቦት ጫማው የተቀደደበት ሰው ላም ለማለብ በማለዳ በረት ሲገባ እግሩ በቀዝቃዛ ውኃ ርሶ ይውላል። የሣጥኑ ዋጋ ከአንድ አዲስ ቦት ጫማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ጥቅሙን የሚያገኘው ልብሱ ከምን እንደተሠራ አስቀድሞ የለየ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህም ከዚያ እጀምራለሁ።

የጎማ ልብስ ተብለው ከሚሸጡልን ዕቃዎች ብዙዎቹ ከጎማ ሳይሆን ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። በመንገድ ዳር የሚሠራ አንድ ጎሚስታ የጎረቤቴን ነጭ ቦት ጫማ አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «እህቴ፣ ይሄ ፕላስቲክ ነው፤ ሶሉሽን አይዘውም» ብሎ መልሶልኛል፤ ገንዘብ ተቀብሎ የማይይዝ ልጣፍ ከመለጠፍ ይልቅ እውነቱን መናገሩን አከብርለታለሁ። ሁለቱን ለመለየት መጀመሪያ ጠርዙን መሳብ ነው። የተፈጥሮ ጎማ ብዙ ይለጠጣል፣ ሲለቁትም ወዲያውኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ፒቪሲ ግን ትንሽ ይለጠጥና የተሳበበትን ቅርጽ ይዞ ይቆያል፣ በሱሉልታ ጠዋት ብርድ ደግሞ ይደርቃል። ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ የሆነው መንገድ በማይታይ ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ ሶሉሽን ማድረግና እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፤ ጎማ ከሆነ ሶሉሽኑ ወደ ውስጡ ይገባና አንድ አካል ይሆናል፣ ፒቪሲ ከሆነ ግን የደረቀው ሶሉሽን በጥፍር ሲነካ እንደ ስስ ቆዳ ይላጣል። በእሳት አቃጥሎ መለየት የሚለውን ምክር ማንም እንዲከተለው አልፈልግም፣ ምክንያቱም ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጭስ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። ለፒቪሲ ልብስ ለራሱ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያስፈልጋል፤ በዚህ ሣጥን ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሶሉሽኑ በመሠረቱ በሚተን ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ጎማ ነው። ደህና በሆኑት ሣጥኖች ውስጥ ሶሉሽኑና የልጣፉ የታችኛው ሽፋን ሲገናኙ ጎማን ከጎማ የሚያስተሳስር ኬሚካላዊ ለውጥ ይካሄዳል። ቻርልስ ጉድዪር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ ጠንካራና የሚለጠጥ ማድረግ እንደሚቻል ያገኘው ሥራ፣ ዛሬ ያለ እሳት በጠረጴዛ ላይ በትንሹ ይከናወናል ማለት ይቻላል። ሱፐር ግሉ ግን እንደ ብርጭቆ ስለሚደርቅ ልብሱ በታጠፈ ቁጥር ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀውም ጠርዝ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ጎማ ይቆርጣል። ማስቲሽ ለቆዳ ጫማ ጥሩ ነው፤ በስስ ጎማ ላይ ግን ወፍራም ቢጫ ምልክት ትቶ ከመቅረቱም በላይ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል። ጎሚስታ በሙቀት የሚለጥፈው ልጣፍ ለመኪና ከመነዳሪ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም፣ ውስጡ ጨርቅ ያለውን ቦት ጫማና ስሱን ሽርጥ ሙቀቱ ያበላሻቸዋል።

በቦት ጫማ ላይ ያለኝ አስተያየት ሁለት መልክ አለው። በሚስማር ወይም በእሾህ የተበሳ ጫማ ላይ የተደረገው ልጣፍ ክረምቱን በሙሉ ያለ እንከን ቆይቷል። ጣቶች ከሚታጠፉበት መስመር ላይ በሚወጣው ስንጥቅ ግን የሣጥኑ ልጣፍ መሐሉ ወፍራም በመሆኑ ከጫማው ጋር እኩል አይታጠፍም፣ ስለዚህ አንደኛው ጠርዙ ቀስ በቀስ ይነሣል። በዚያ ቦታ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት፣ ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ሶሉሽኑን ሁለት ጊዜ ደርቦ ቀብቶ መለጠፍ ነው። ቁራጩ ከስንጥቁ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ማለፍ አለበት፤ ማዕዘኖቹም ክብ ሆነው መቆረጥ ይገባቸዋል፣ ሹል ማዕዘን ያለው ልጣፍ መነሣት የሚጀምረው ከዚያው ነውና። ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ደግሞ ከመለጠፉ በፊት በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ መብሳት ይጠቅማል።

ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚወስነው ጽዳቱ ነው፤ በዚህ ላይ ልረዝም ነው። እኛ ዘንድ በጫማውና በሽርጡ ላይ የወተት ቅባት ሳይታይ ይቀመጣል፣ ቅባት ደግሞ የጎማ ጠላት ነው፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ሶሉሽኑም እንዳይይዝ ያደርጋል። በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ አንድ ሌሊት ከደረቀ በኋላ የሚለጠፈውን ቦታ በሕክምና አልኮል ማበስ በቂ ሲሆን፣ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ግን የራሳቸውን ቅባት ትተው ስለሚሄዱ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ጫማው እንዲያበራ ቫዝሊን የሚቀባ ሰው ካለ ዛሬውኑ ቢተው መልካም ነው። ከጽዳቱ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀቱ ብልጭታው እስኪጠፋ ድረስ መፋቅ፣ ብናኙን ጠርጎ ሶሉሽኑን ከልጣፉ ስፋት በለጥ አድርጎ በስሱ መቀባት፣ ከዚያም እርጥብ መልኩ እስኪጠፋ ድረስ መጠበቅ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሶሉሽኑ እርጥብ እያለ ልጣፉን ይጭናል፣ ወይም ቶሎ እንዲደርቅ በአፉ እፍ ይልበታል፣ የትንፋሽ እርጥበት ደግሞ ይዞታውን ያበላሸዋል። ልጣፉ ከተጫነ በኋላ ከመሐል ወደ ዳር በማንኪያ ጀርባ በኃይል መዳመጥና ጫማውን እስከ ማግስቱ አለመልበስ ነው።

ልብስ ማጥበብና ማሳጠር ከመለጠፍ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ለእኔ የሣጥኑ ትልቁ ጥቅም የታየው በዚህ ነው። የሚመጡልን የጎማ ካፖርቶችና ሽርጦች የተሰፉት ለረጃጅም ወንዶች ሲሆን፣ ሥራውን በአብዛኛው የሚሠሩት ግን ሴቶች ናቸው፤ መሬት የሚጠርግ ሽርጥና ከእጅ የሚያልፍ እጅጌ ከብት አጠገብ አደጋ ያመጣሉ። እንዲህ ያለውን ልብስ ወደ ልብስ ሰፊ መውሰድ ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው፣ መርፌው የሚተወው የቀዳዳ መስመር ውኃ ያስገባል፣ ጎማውም በዚያው መስመር ይተረተራል። ችግሩ አዲስ አይደለም፤ ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 በሁለት ጨርቅ መካከል የሟሟ ጎማ ያለበትን ውኃ የማያስገባ ጨርቅ የፈጠራ መብት ባስመዘገበ ጊዜም፣ ከዚያ የተሠሩት ካፖርቶች የሚያፈሱት ልብስ ሰፊዎች በመርፌ በበሱት በኩል ነበር። ስለዚህ ጎማ ይደረባል እንጂ አይሰፋም።

አሠራሩም ትርፉን በማስመሪያና በሹል ምላጭ በአንድ ጉዞ መቁረጥ ነው፤ መቀስ የሚተወው ጥርስ መሰል ጠርዝ የመቀደጃ መነሻ ይሆናልና። የሚደረቡት ሁለት ጠርዞች እያንዳንዳቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጸድተውና ተፍቀው ሶሉሽን ሲቀቡ፣ ስስ ጎማ ከሆነ ጠርዙ ወዲያው ወደ ላይ ይጠቀለላል። ይህ ሲያጋጥም መደንገጥ አያስፈልግም፤ ፈሳሹ ሲተን ጎማው ራሱ ተመልሶ ይዘረጋል፣ መዘርጋቱም ለመጋጠም መድረሱን ያሳያል። ሁለቱ ፊቶች አንዴ ከተነካኩ ማላቀቅ ስለማይቻል፣ በመካከላቸው ንጹሕ ወረቀት አድርጎ መስመሩን ካስተካከሉ በኋላ ወረቀቱን ቀስ በቀስ እየሳቡ መጋጠምና በጠርሙስ ማዳመጥ ይበጃል። በመጨረሻም በመገጣጠሚያው ላይ ታልከም ፓውደር ሲነሰነስ የተረፈው ሶሉሽን ከሌላው የልብሱ ክፍል ጋር አይጣበቅም። በዚህ መንገድ ያሳጠርኩት ሽርጥና ያጠበብኩት የካፖርት እጅጌ እስከ ዛሬ ውኃ አላስገቡም። ከኋላው ጨርቅ ያለው ካፖርት ከሆነ ግን ጨርቁ ሶሉሽኑን ስለሚመጠው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ መቀባት ግድ ይሆናል።

ስለ አደጋው ዝም ማለት አይገባም። የሶሉሽኑ ትነት በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ራስንም ያዞራል፤ ስለዚህ ከሰል በተቀጣጠለበትና ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ በፍጹም ሊከፈት አይገባም፣ ሥራው በደጅ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር መሠራት አለበት። የማስቲሽ ትነት በከተማችን ጎዳናዎች ላይ ስንት ልጆችን እንደጎዳ ሁላችን የምናየው ስለሆነ፣ ቱቦው ከልጆች እጅ በሚርቅ ቦታ ተቆልፎ ቢቀመጥ እወዳለሁ። በተጨማሪም ፀረ ተባይ ለመርጨት የሚለበስ ጓንትና ከኤሌክትሪክ ለመከላከል የሚደረግ ጓንት ወይም ጫማ ከተበሱ ይጣሉ እንጂ አይለጠፉ፤ ውኃን የሚያቆም ልጣፍ መርዝንና ኤሌክትሪክን ያቆማል ማለት አይደለም።

የተጠገነ ልብስ ዕድሜ በአቀማመጡም ይወሰናል። የከፍታችን ፀሐይ ጎማን ፈጥኖ ስለሚያደርቅና ስለሚሰነጥቅ፣ የታጠበ ሽርጥ በአጥር ላይ ሳይሆን በጥላ ውስጥ መሰጣት አለበት። መዳብና የመዳብ ቅይጥ የሆኑ ቁልፎችና ዘለበቶች የተፈጥሮ ጎማን ያጠቁራሉ፣ ያበሰብሱታልም፤ በፕላስቲክ ቢተኩ ይሻላል።

የሣጥኑ ጉድለቶች ሦስት ናቸው። ቱቦው ትንሽ ከመሆኑም በላይ አንዴ ከተከፈተ ክዳኑ ቢገጠምም ፈሳሹ እየተነነ ይደርቃል፤ በሱቅ ብዙ የቆየ ሣጥን ደግሞ ሳይከፈትም ደርቆ ሊገኝ ይችላል፣ ስለዚህ ሲገዙ ቱቦውን ጫን አድርጎ ለስላሳ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ልጣፎቹ ለጓንትና ለስስ ሽርጥ ወፍራሞች ናቸው፤ ለእነዚህ ከአሮጌ የጎማ ጓንት ክንድ የተቆረጠ ቁራጭ ይሻላል። በሣጥኑ ላይ ያለው መመሪያም በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ አልተጻፈም። ለቦት ጫማ ቀዳዳ ብቻ ለሚፈልገው ሰው አንድ ሣጥን ይበቃዋል፤ ካፖርትና ሽርጥ ለማጥበብ ያሰበ ግን የሣጥኑ ቱቦ ለአንድ ረጅም መገጣጠሚያ እንኳ ስለማይበቃው፣ ጎሚስታዎች የሚገዙትን ትልቁን የሶሉሽን ቆርቆሮ ከመርካቶ ጎማ ተራ ቢገዛና ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ቢካፈለው፣ ሳይደርቅ ተጠቅመው ይጨርሱታል።