ዳዋ የዋጠውን ግቢ ለማጽዳት፦ ዶማ፣ የሣር ማጨጃ ሞተር ወይስ የአረም መድኃኒት?

ከአቃቂ ወዲያ ባለው ጥቁር ኮትቻ መሬት ላይ ሁለት ክረምት ሰው ሳይነካው የከረመ ግቢ የተረከበ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚይዘው የወፍ ቆሎው፣ ሳማውና አጥሩን የጋረደው ሐረግ ነው። ገንዘብና ጉልበት የሚጨርሰው ግን ከሥር የተዘረጋው ሰርዶ ስለሆነ፣ ሦስቱም አማራጮች መመዘን ያለባቸው ሰርዶውን ምን ያደርጉታል በሚለው ነው።

የሣር ማጨጃ ሞተር ፍጥነቱ አያጠያይቅም። የናይለን ክሩ ለሣር፣ የብረት ምላጩ ደግሞ ግንዱ ለጠነከረው የወፍ ቆሎ ያገለግላል። አብዛኛው ባለ ሁለት ምት (ዘይቱን ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ የሚያገኝ ሞተር) በመሆኑ ቤንዚኑ ላይ ዘይት መቀላቀል የግድ ነው፤ መመሪያው ሃምሳ ለአንድ ካለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ሃያ አምስት ለአንድ ካለ 40 ሚሊ ሊትር ይገባል። የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ መያዝ አይገባም፤ የእኔው ማሽን ያስፈነጠረው ጠጠር የማድቤቱን መስተዋት ሰብሮታል። ትልቁ ጉድለቱ ግን ሰርዶን መላጨት እንጂ መንቀል አለመቻሉ ነው፤ የተላጨ ሰርዶ ደግሞ ወደ ጎን እየተሳበ ይበልጥ ይጠቀጠቃል።

ግላይፎሴት ያለው የአረም መድኃኒት በቅጠል ገብቶ እስከ ሥር ስለሚወርድ ሰርዶን በእርግጥ ይጎዳል። ሆኖም የሚሠራው ቅጠሉ ለምልሞ በሚያድግበት ጊዜ ብቻ ነው፤ በክረምት ዝናቡ ያጥበዋል፣ በበጋ ደግሞ የደረቀው ቅጠል አይቀበለውም። ነፋስ ከወሰደው ለጎመኑም ለጤና አዳሙም አይራራም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. «ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም» ከሚላቸው ውስጥ ሲመድበው፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በዚያው ዓመት ይህን የማያስከትል መሆኑ ያመዝናል ብሏል። ልጆች በሚሯሯጡበትና ሰላጣ በሚተከልበት ግቢ እኔ አልረጨውም፤ በንጣፍ ድንጋይ መሐል ለሚበቅለው ብቻ ቢሆን አልቃወምም። በውኃ ፕላስቲክ ተቀንሶ ያለ መግለጫ የሚሸጠውን ግን ለማንም አልመክርም።

ቁፋሮው ከሁሉም አዝጋሚ ነው፤ እኔ የመረጥኩትም እርሱን ነው። ኮትቻ በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ሊያመልጥ አይገባም። ተራ ዶማ ሥሩን እየቆራረጠ ስለሚያበዛው፣ አፈሩን ፈንቅሎ ሥሩን ሙሉውን የሚያወጣ ባለ ጥርስ መቆፈሪያ መግዛት ይሻላል። ሠራተኛውንም በቁርጥ ሳይሆን በቀን መቅጠር ይበጃል፤ በቁርጥ የያዘ ሰው ላዩን ጫር ጫር አድርጎ ሒሳቡን ይጠይቃል፣ ቀሪው ሰርዶም ለባለቤቱ ይተርፋል። ከአንድ ስንዝር በታች ነጭ፣ እንደ ሸንበቆ አንጓ አንጓ ያለው ሥር ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ አንጓ አዲስ ቡቃያ ሊነሣ ይችላል። አጥር ሥር የከመርኩት ክምር አንድ ሌሊት ዝናብ ካገኘ በኋላ በሳምንቱ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት፤ አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ማለቷ ከንቱ ምኞት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥሩን ቆርቆሮ ላይ አስጥቼ፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ አደርቀዋለሁ።

ግቢው ሁለት መቶ ካሬ ሜትር አካባቢ ከሆነ ሞተሩን መግዛት አያስፈልግም፤ ላዩን ለመጥረግ ለአንድ ቀን መከራየት ይበቃል። የተረፈው ገንዘብ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሚደረገው ሁለተኛ ለቀማ ይቀመጥ፤ ያኔ አምልጦ የቀረው ሥር ቀጭን ቡቃያ አውጥቶ ያለበትን ቦታ ራሱ ያሳያል።