ሰርቨሩ ሐዋሳ፣ እኔ አዲስ አበባ፦ የ11 ወር የሪሞት ማኔጅመንት ልምዴ

በእኔና በሰርቨሩ መካከል 275 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። እሱ ሐዋሳ፣ ቅርንጫፍ ቢሯችን ውስጥ ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። የድሮው ሰርቨር እምቢ ባለ ቁጥር ሌሊት ተነስቼ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ አድርጌ እወርድ ነበር። ደርሼ የምሠራው ሥራ ደግሞ ያሳፍራል። ሞኒተር መሰካት፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚገኝ የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ መግባት፣ የሚነሳበትን ዲስክ መምረጥ፣ መውጣት። አምስት ደቂቃ! ከዚያ ዓሣ በልቼ እመለሳለሁ።

ያ ሰርቨር ሲሞት ሁለተኛ እጅ ሌላ ገዛን። ሻጩን አጥብቄ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሪሞት ማኔጅመንት ወደቡ ይሥራ፣ ላይሰንሱም አብሮ ይምጣ። ይኸው 11 ወር ሆነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ሪሞት ማኔጅመንት የሚባለው ነገር ሰርቨሩ ቦርድ ላይ የተቀመጠ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪ፣ ብዙ ጊዜም የራሱ የኔትወርክ ወደብ አለው። ትልቁ ሰርቨር ቢጠፋ እንኳ የኃይል ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ትንሹ ነቅቶ ያድራል። ዴል አይድራክ ይለዋል፣ ኤችፒ አይሎ፣ ሲስኮ ሲአይኤምሲ፣ ሌኖቮ ኤክስክላሪቲ። የእኔ የማን እንደሆነ ልተወው። ከዚህ በታች የማወራው ችግር አብዛኛው የራሴ ጥፋት ነው፣ የቀረውም በየትኛውም ላይ ሊያጋጥም የሚችል ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት በዲስክ ክርክር አለቀ። 8 የዲስክ ማስገቢያ አለው። ሁለቱ ላይ 480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አድርጌ በሬይድ 1 አጣመርኳቸው (ሬይድ ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ ነው፤ 1 ሲሆን አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው)፤ ሲስተሙ እዚያ ነው። የቀሩት ስድስቱ ባለ 4 ቴራባይት ናቸው። ሬይድ 5 ብላቸው 20 ቴራ አገኛለሁ፣ ሬይድ 6 ብላቸው 16። የቢሮው ሰው ሁሉ 20 አለ። የካሜራ ቅጂ ቦታ ይበላላ! እኔ ግን በሬይድ 6 ድርቅ አልኩ። አራቱን ቴራ ገደል የጨመርኩ ያህል ተቆጠረብኝ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሥራውን ሁሉ ከብራውዘር ነው የጨረስኩት። አንድ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ግራ አጋባኝ። ሬይዱን ፈጥሬ «አፕላይ» ስል ምንም አልሆነም። ለካ ትእዛዙ ወረፋ ይዞ ተቀምጧል፤ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ነው የሚፈጸመው። ሦስት ጊዜ ስለተጫንኩት ሦስት ሥራ ተሰልፎ ነበር። ወረፋውን የሚያሳየውን ገጽ ሳታይ ሁለተኛ አትጫን።

ከዚያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን መጣ። የአይኤስኦ ፋይሉን (የመጫኛ ሲዲውን ቅጂ) ከላፕቶፔ ላይ እንደ ሲዲ አድርጎ ሰርቨሩ ላይ መሰካት ይቻላል ይባላል። ይቻላል። ፋይሉ 2.6 ጊጋባይት ነው፤ እኔ ወደ ላይ የምልከው በ4 ሜጋቢት ገደማ ነው። አስላው፣ ብቻውን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ እሱም ኔትወርኩ ካልተቆረጠ። ሁለቴ ተቆረጠ። በሦስተኛው ፋይሉን እዚያው ቢሮ ያለ ኮምፒውተር ላይ አስወርጄ፣ ትንሹ ኮምፒውተር በኤንኤፍኤስ (ፋይል በኔትወርክ በሚጋራበት ዘዴ) ራሱ እንዲጎትተው አደረግኩ። ሻይ ሳልጨርስ ኢንስቶለሩ ተነሳ። አሁን አይኤስኦዎቼ ሁሉ ሐዋሳ ነው የሚኖሩት።

ቡት (ሰርቨሩ ሲነሳ) ላይ የበላሁት ቅጣት ይለያል። ተከላው ካለቀ በኋላ ያንን ምናባዊ ሲዲ መንቀል ረሳሁ። የቡት ቅደም ተከተሉም ላይ ሲዲው አንደኛ ነበር። አምስት ሳምንት ምንም አልሆነም፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ አልጠፋም። አንድ ቅዳሜ ሌሊት መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱም (የመጠባበቂያ ባትሪው) ተንፈስ ብሎ ቀረ። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ በደንብ ተነሳ። ግን በሲዲው። እሁድ ጠዋት ኮንሶሉን (የሰርቨሩን ስክሪን ከሩቅ የሚያሳየውን ገጽ) ስከፍት «ቋንቋ ይምረጡ» ብሎ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ላብ። ኢንስቶለሩ ሳይጠይቅ በራሱ የሚጭን ዓይነት ቢሆን ኖሮ ዲስኩን አጽድቶ አዲስ ሲስተም ጭኖ ነበር የሚጠብቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ቋሚው ቅደም ተከተል ላይ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ኤስኤስዲው። ኔትወርክ የለም፣ ሲዲ የለም፣ ፍላሽ የለም። በሌላ ነገር ማስነሳት ስፈልግ «ለአንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውን እጠቀማለሁ። እሱም ዓመል አለው። በአይፒኤምአይ (ሰርቨርን ከሩቅ በሚያዝዘው አሮጌ ዘዴ) ትእዛዝ ሲሰጥ፣ በ60 ሰከንድ ውስጥ የማስነሻ ትእዛዝ ካልተከተለው ይሰረዛል። ይህን ሳላውቅ ትእዛዙን ሰጥቼ ስልክ አንስቼ አወራሁ። ስመለስ አስነሳሁት፤ እንዳልሰማ ሆኖ በዲስኩ ተነሳ። ሌላው ደግሞ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ መንገድ) መሆኑን ለይተህ ካልነገርከው በአሮጌው የባዮስ መንገድ ሊሞክር ይችላል። ያኔ የሚነሳ ነገር አጣሁ ይላል፣ አንተ ዲስኩ ሞተ ብለህ ትደነግጣለህ። አሁን ለዚህ ሥራ ሬድፊሽን (የአይፒኤምአይን አዲስ ተተኪ) ነው የምጠቀመው። ትእዛዙ ይረዝማል እንጂ ግልጽ ነው።

መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ምን ያድርግ የሚለውንም እዚያው አስተካከልኩ። ወዲያው እንዲነሳ ሳይሆን ትንሽ ቆይቶ። እኛ ጋ መብራት መጥቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ሳይል አይረጋማ።

አሁን ወደ ሬይድ 6። በሰባተኛው ወር አንድ ዲስክ ልትሞት ነው የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ማስገቢያ ቁጥር 5። ትርፍ ዲስክ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አለ። ለሒሳብ ክፍሏ ልጅ ደወልኩ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ የተባለችውን በትክክል ታደርጋለች። ችግሩም እሱ ሆነ።

«ከግራ ጀምረሽ ቁጠሪ፣ አምስተኛዋን ሳቢና አውጫት።»

«እሺ ጋሼ። ወጣች። ግን አረንጓዴ መብራት ነበራት እኮ፣ ምንም አይደል?»

ቁጥሩ የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ቁጥር 5 ማለት ስድስተኛዋ ናት። ጤነኛዋን ነው ያስነቀልኳት። የታመመችው ደግሞ እዚያው ልትሞት ታቃስታለች። በሬይድ 5 ቢሆን ኖሮ በዚያች ሰዓት የዳታችን ዕድሜ በአንዲት ታማሚ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሬይድ 6 ሁለት ዲስክ ቢጎድል ይችላል። የተነቀለችውን መለስን፤ የሬይድ ካርዱ (ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው) እንደ ባዕድ ቆጠራትና እንደገና መቀበል፣ መሙላት ነበረበት። 14 ሰዓት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ነው ታማሚዋን የቀየርነው። ስለ አራቱ ቴራ ከዚያ ቀን ወዲህ ያነሳብኝ ሰው የለም።

የሚያናድደው፣ መፍትሔው እዚያው ገጽ ላይ ነበር። ከእያንዳንዱ ዲስክ አጠገብ መብራቷን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ያንን ተጭኜ «የምትጠቅስሽን አውጫት» ማለት ነበረብኝ።

ሌላው በአጭሩ። የሬይድ ካርዱ ባትሪ በዘጠነኛው ወር ደከመ። ካርዱም ጽሑፍን በሜሞሪ ይዞ ማቆየቱን ትቶ በቀጥታ ዲስክ ላይ መጻፍ ጀመረ። ትክክል ነው፣ መብራት ቢሄድ ዳታ እንዳይጠፋ ነው። ግን ሒሳብ ክፍል «ሲስተሙ ዘገየ» ብሎ ሲጮህ ምክንያቱን ያገኘሁት ከሪሞቱ ገጽ ነው። ባትሪው ተቀየረ፣ ጩኸቱ ቆመ።

ሎጉ (የሰርቨሩ የክስተት መዝገብ) ላይ ያለው ሰዓት ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 ትቀንሳለህ፤ 10 ካለ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ይህን እስክለምድ ሰርቨሩ የጠፋው ከመብራቱ በፊት ነው እያልኩ ስከራከር ነበር።

ደኅንነቱ ላይ ቀልድ የለም። ይህን ወደብ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ማድረግ ቁልፉን በር ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። የአይፒኤምአይ 2.0 አሠራር ራሱ ማንነትህን ሳያረጋግጥ የፓስወርድህን ሃሽ (ፓስወርዱን በግምት ለመፈተሽ የሚያስችል ኮድ) ለጠያቂው ይሰጣል፤ ያ የታወቀ ጉድለት ነው። እኔ አይፒኤምአይን የምከፍተው ለአጭር ሥራ ብቻ ነው፣ ሌላ ጊዜ ጠፍቷል። የቀረውን በቪፒኤን ነው የምገባበት። ፓስወርዱንም በመጀመሪያው ቀን ቀየርኩ። ሁለተኛ እጅ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ነገር ወደ ፋብሪካው መልሰህ ጀምር፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ውስጡ ሊኖር ይችላል።

የማልወደው ላይሰንሱን ነው። ስክሪኑን ከሩቅ ማየት በብዙዎቹ አምራቾች ዘንድ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። ስትገዛ ላይሰንሱ መኖሩን ገጹ ላይ በዓይንህ እይ፣ የሻጭ ቃል አይበቃም።

በእነዚህ 11 ወራት ሐዋሳ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ለሠርግ። ባለፈው ወር ሌላ ዲስክ ብርቱካናማ አበራች። መብራቷን ብልጭ ድርግም አድርጌ ደወልኩ። ልጅቷ በማርከር ከዜሮ እስከ ሰባት ራሷ ቁጥር ጽፋባቸዋለች። ሳልጨርስ አቋረጠችኝ፤ «ቁጥር 3 ናት አይደል ጋሼ? እየጠቀሰችኝ ነው።»