ሾፌሩ የሚያውቀውን መንገድ አፑም ይማር

ከቨርጂኒያ መጥቼ አዲስ አበባ በቆየሁበት ጊዜ ከሁሉም አብዝቼ የተጠቀምኩት በስልክ የሚጠራውን ታክሲ ነው። ሲጠሩት ቶሎ ይመጣል፣ ክፍያውም በቴሌብር ያልቃል። ሾፌሮቹ እናቴን ደግፈው ያስገቡ፣ ደግፈው ያወረዱ ጨዋ ልጆች ናቸው። ቅሬታዬ መንገድ በሚያሳየው ካርታ ላይ ነው።

የእናቴ ቤት ሲኤምሲ አካባቢ ነው። ከመገናኛ ወደ አያት የሚወስደውን መንገድ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ሐዲድ ለሁለት ከፍሎታል፤ ቤቱ ከማዶ እየታየ መኪናው ማዞሪያ ድረስ ሄዶ መመለስ አለበት። አፑ ግን ዝናብ ያጠበውን የውስጥ ለውስጥ ኮረኮንች ያሳያል። አንድም ሾፌር ገብቶበት አያውቅም፤ ሁሉም አስፋልቱን ይዘው ይዞራሉ። በማግስቱ አፑ ያንኑ ኮረኮንች ይደግማል።

ጉዳቱ ሾፌሩ ላይ ነው። አንደኛው፣ «እህቴ፣ ተሳፋሪ ስልኩን እያየ ‹ሆን ብለህ አዞርከኝ› ይለኛል» አለኝ። ሒሳቡ በኪሎ ሜትርና በደቂቃ ስለሚሰላ፣ መኪናውንና ተሳፋሪውን ከጉድጓድ ያዳነ ሰው እንደ አጭበርባሪ ይታያል። ይኼ በጣም ያሳዝነኛል።

ደግሞ መፍትሔ አለው። የእያንዳንዱ ጉዞ መስመር በስልኩ በኩል ለድርጅቱ ይደርሳል። ብዙ ሾፌሮች አንድን መታጠፊያ በተደጋጋሚ ሲተዉት፣ ሲስተሙ ያንን መንገድ ወደ ኋላ ማድረግ አለበት። የጎግል ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. አሽከርካሪዎች በእርግጥ ከሄዱበት መንገድ ምርጫቸውን የሚማር ዘዴ በጎግል ካርታ ላይ መሥራታቸውን አሳትመዋል።

እርግጥ ነው፣ ያዩትን ሁሉ መቅዳት አይበጅም። ባዶውን የሚሄድ መኪና ነዳጅ ፍለጋ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ተሳፋሪ የያዘበት ጉዞ ለብቻው ይቆጠር። ክረምት የሚተዉት መንገድ በጋ ላይ ደህና ሊሆን ስለሚችል ወቅቱም ይታይ። ኮሪደር ልማት የዘጋውን መንገድ ለማወቅ ግን ወራት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጉዞው ሲያልቅ ሾፌሩን «ለምን ተውከው? ተዘግቶ? ተበላሽቶ? ጎርፍ ሞልቶት?» ብሎ በአማርኛ መጠየቅ ይበቃል። ለተሳፋሪውም «አብዛኞቹ ሾፌሮች የሚሄዱት በዚህ ነው» ተብሎ ይታየው።

ማታ ማታ ሾፌሮቹ ረዘም ቢልም መብራት ያለበትን አስፋልት ይመርጡልኝ ነበር። ያንን ምርጫ አፑ እንደ ስህተት እንዳይቆጥረው አደራ እላለሁ።