«ቦርዱ ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ

ፒያሳም ሆነ መርካቶ «ሪሲቨር እንጭናለን» ብሎ የለጠፈ ሁሉ ባለሙያ አይደለም። አካሄዱ ይታወቃል፦ ቻናል ጠፍቶበት የሳተላይት ሪሲቨሩን ይዞ ለሄደ ሰው «አፕዴት (አዲስ ሶፍትዌር) ይፈልጋል» ይሉታል፣ ያስከፍሉታል። በነጋታው ሲመለስ «ቦርዱ (የውስጥ ሰሌዳው) ተቃጥሏል፤ አዲስ ይግዙ፣ አሮጌውን እዚሁ ይተዉት» ይባላል። የተተወው ሪሲቨር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልሞተ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ቻናል ስለጠፋ ብቻ ሶፍትዌር አይጫንም። ሜኑ ውስጥ የሲግናሉን ክዋሊቲ (ጥራት) እዩት። የአገር ውስጥ ቻናሎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ እዚያ ሁሉም ቻናል ላይ ክዋሊቲው ዜሮ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዲሹ፣ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ወይም ኬብሉ ነው። ዲሽ በሶፍትዌር አይዞርም! ክዋሊቲው ጥሩ ሆኖ ቻናሉ ከሌለ ፍሪኩዌንሲ ተቀይሮ ይሆናል፤ አሮጌውን አጥፍታችሁ እንደገና ስካን አድርጉ፣ ነፃ ነው። ኤምፔግ 2 የሚባለውን የቆየ የቪዲዮ ፎርማት ብቻ የሚያነብ የድሮ ሪሲቨር ደግሞ የኤምፔግ 4 ኤችዲ ቻናል ምንም ቢጫንበት አይከፍትም፤ ቺፑ አይችልምና። እዚህ ላይ ለአፕዴት የሚከፈል ገንዘብ ውኃ በላው ማለት ነው።

አፕዴት የእውነት ሲያስፈልግስ? ሶፍትዌሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ቦርዱ ላይ ባለች 8 እግር ያላት አይሲ (ትንሽ ቺፕ) ውስጥ ነው። 25ኪው32 የሚል ጽሑፍ ካለባት 4 ሜጋባይት፣ 25ኪው64 ከሆነች 8 ሜጋባይት ትይዛለች። ሥራው በብዛት የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ መብራት ነው፤ ሪሲቨሩ መጀመሪያ አሮጌውን ይደመስሳል፣ ከዚያ አዲሱን ይጽፋል፣ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ግማሹ ባዶ ይቀራል። ሁለተኛው የተሳሳተ ፋይል ነው። ከላይ ስሙ አንድ የሆነ ሪሲቨር ውስጡ የተለያየ ቦርድ ሊኖረው ይችላል። የሌላ ቦርድ ፋይል ሲጫንበት ሪሞቱ እምቢ ይላል፣ የፊት ቁጥሩ ይዘበራረቃል፣ ወይም ሲግናል ጭራሽ ይጠፋል፤ ሲብስም ሲነሣ በሚያሳየው «ቡት» የሚል ጽሑፍ ላይ ተገትሮ ይቀራል።

ስለዚህ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የሲስተም መረጃውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ፦ የሃርድዌር ቨርዥን፣ የሶፍትዌር ቨርዥን፣ ሲሪያል ቁጥር። ከዚያ ፋት 32 በሚባለው የፋይል ሥርዓት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ሰክታችሁ ዳምፕ ወይም ባካፕ (ቅጂ መያዣ) የሚለውን አስነሱ፤ የነበረው ሶፍትዌር ተገልብጦ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ይህን የማይሰጥ ሞዴል አለ፤ ያን ጊዜ ጫኚው በፕሮግራመር (አይሲዋን በሚያነብና በሚጽፍ መሣሪያ) አንብቦ ኮፒውን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። «አያስፈልግም» የሚል ሰው እጅ ላይ አትተዉት። ሲሪያል ቁጥሩን በተለይ ያዙ፤ ከሪሲቨሩ ጋር የመጣ የቻናል መክፈቻ አካውንት ካለ ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው በእሱ ነው፣ የሌላ ሪሲቨር ዳምፕ ሙሉ በሙሉ ከተጫነበት ሊጠፋ ይችላል።

«ተቃጥሏል» ከተባላችሁ እዚያው አሰኩት። ቀይ መብራት ከበራ ወይም «ቡት» ካሳየ ፓወሩ እየደረሰው ነው፤ የጠፋው ሶፍትዌር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ያችን አይሲ በፕሮግራመር ወይም ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ ሲሪያል ኬብል እንደገና መጻፍ ይቻላል፣ ዳምፑ ካለ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ርካሽ ፕሮግራመር የሚጠቀም ግን ይጠንቀቅ፦ አይሲዋ የምትሠራው በ3.3 ቮልት ነው፣ አንዳንዱ 5 ቮልት ይለቅባታል። ጭራሽ ካልበራም ቦርዱ ላይ አትፍረዱ፤ ክዳኑን አስከፍቱና የፓወሩን ካፓሲተሮች (ሲሊንደር የሚመስሉትን) እዩ፣ ጫፉ ያበጠ ካለ እሱን መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል።

አንሠራውም ካሉ ሪሲቨሩን ከነአዳፕተሩና ከነሪሞቱ ተቀብላችሁ ውጡ።