«ጠቅላዩን» አመስግኑልኝ

ጅማ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ አንድ ሰው አብራችሁኝ እንድታመሰግኑልኝ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። «እኔን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪኝ» ብለውኛል። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ዲናሞ የሚጠቀልሉ አባት ናቸው። ሰፈሩ «ጠቅላዩ» ነው የሚላቸው። ፖለቲካ የለበትም፣ ሽቦ ስለሚጠቀልሉ ነው።

የውሃ ፓምፕ፣ የቡና መፈልፈያ ሞተር፣ ስታቢላይዘር፣ የተቃጠለ ቬንትሌተር፣ ሁሉም መጨረሻው እሳቸው ጋ ነው። እኔ ይዤ የሄድኩት ግን ሌላ ነገር ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የላብራቶሪያችን ቁም ሳጥን ውስጥ አንዲት የጋይገር ቆጣሪ አለች። ጨረር ሲያገኛት «ጢቅ» የምትል ሳጥን ናት። እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ግን ጢቅ ብላ አታውቅም። አምና አዲስ አበባ ላለ አንድ ጥገና ቤት ላክኋት። ሦስት ወር አስቀመጧትና «ትጣል» የሚል ወረቀት ለጥፈው መለሱልኝ። ለዚያውም የባትሪ ክዳኗን ጥለው።

ችግሩ የት እንዳለ እጠረጥር ነበር። ቆጣሪዋ ውስጥ ጋዝ የሞላ ቱቦ አለ፣ መሃሉ ላይ አንድ ቀጭን ሽቦ። ሽቦው ላይ 400 ቮልት ገደማ ይጫናል። ጨረር ሲገባ ከጋዙ ኤሌክትሮን ያላቅቃል። ኤሌክትሮኑ ወደ ሽቦው ሲሮጥ ሌሎችን እያላቀቀ፣ እነሱም ሌሎችን እያላቀቁ፣ እንደ ናዳ ይወርዳሉ። ጢቅ የሚለው እሱ ነው። ያንን ሁሉ ቮልት ከትንሽ ባትሪ የምታወጣው ደግሞ ባቄላ የምታክል ትራንስፎርመር ናት። የተቃጠለችው እሷ ነበረች።

ጠቅላዩ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱና አገላብጠው አዩዋት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሥራ ሳይሆን ራስ ምታት ነው» አሉ። ግን አልመለሷትም።

አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። አሮጌውን ሽቦ እየፈቱ ዙሩን ይቆጥራሉ። መቶ በሞላ ቁጥር አንዲት የቡና ፍሬ በርጩማው ላይ ያስቀምጣሉ። (ጅማ ነን እንግዲህ፣ ሌላ በምን ይቆጠራል?) መሃል ላይ መብራት ጠፋ። የስልኬን መብራት ያዝኩላቸው፣ ቆጠራው ሳይቋረጥ ቀጠለ። ሃያ ሁለት ፍሬ ሞላ። ከፀጉር የሚቀጥን አዲስ ሽቦ ከየት ይመጣል ብዬ ስጨነቅ፣ ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ሆድ ዕቃ መዝዘው አወጡ።

እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያው ሙከራ አልያዘም። ሁለት ቀን ሠርታ ዝም አለች። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ተናድጄ ስመለስ ምንም አልተከራከሩኝም። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው «እርጥበት ገብቷታል» አሉና ከዜሮ ጀመሩ። በዚህኛው ዙር በየድርብርቡ መሃል ስስ ወረቀት አስገቡ፣ ሲጨርሱ የቀለጠ የንብ ሰም ውስጥ ነከሯት። ለሁለተኛው ድካም አንድ ብር አልጠየቁም።

ባትሪ ስናስገባ፣ ጢቅ። ዝም። ጢቅ ጢቅ። ጠቅላዩ በርጩማቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ።

«ሱቄ ውስጥ ጨረር አለ ማለት ነው?»

«ሁሉም ቦታ አለ ጋሼ። ከሰማይ ይመጣል፣ ከድንጋዩ ይወጣል፣ እኛም ሰውነት ውስጥ አለ። ይሄ ትንሽ ነው፣ አያስፈራም» አልኳቸው። በደቂቃ ሃያ ምናምን ጊዜ ብቻ ነበር የምትለው። ትንሽ አሰቡና፣ «እሺ፣ አንድ ነገር ማለፉን ነገረችን። በየት በኩል እንዳለፈስ?» አሉኝ።

ተማሪዎቼ ይሄን ጥያቄ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ሻርፓክ ግን የሥራ ዕድሜውን ያሳለፈው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ቡናም ቀርቦ ስለነበር፣ ነገርኳቸው። ለእናንተም ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው በ1924 ያኔ ፖላንድ በነበረ ከተማ ተወለደ። በ7 ዓመቱ ቤተሰቡ ፓሪስ ገባ። በጦርነቱ ጊዜ ከናዚ ተቃዋሚዎች ጋር ሆኖ ተያዘና ዳካው ማጎሪያ ካምፕ ተላከ። በ1945 በሕይወት ወጣ። በ1959 ሰርን ገባ፣ ጄኔቫ አጠገብ ያለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነው። በዚያ ዘመን ከአተም የሚያንሱ ቅንጣቶችን መንገድ ለማወቅ ፎቶ ይነሣ ነበር፣ ከዚያ ሰዎች ቁጭ ብለው ፎቶውን አንድ በአንድ በዓይናቸው ይለቅማሉ። በ1968 ሻርፓክ አንዱን ሽቦ ብዙ አደረገው። ጋዝ በሞላ ጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ ቀጫጭን ሽቦዎችን እንደ ሸማኔ ድር ጎን ለጎን ወጠረ፣ በመካከላቸው 2 ሚሊሜትር ገደማ። ለእያንዳንዱ ሽቦ የራሱን ማጉያ ሰጠው። የትኛው ሽቦ ነው የጮኸው? ቅንጣቷ ያለፈችው በዚያ ነው። ምልክቱ በቀጥታ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ፍጥነቱ ከበፊቱ በሺህ እጥፍ በለጠ። በ1992 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ብቻውን ወሰደ።

እኔ የምወድለት ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። መሣሪያውን ወደ ሕክምና ይዞት ሄደ። አከርካሪያቸው የተጣመመ ልጆች በየጊዜው ኤክስሬይ ይነሣሉ። እሱ በሽቦዎቹ ሰውነታቸው የሚቀበለውን ጨረር በጣም የሚቀንስ ማንሻ እንዲሠራ አደረገ። የሽቦው ሳጥን ቁስ አጥኚዎችም ጋ ገባ። ኤክስሬይ ክሪስታል ላይ ሲያርፍ በተለያየ አቅጣጫ ይበተናል። የት የት እንዳረፈ ካወቅን አተሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ እንደርስበታለን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ማቴሪያል ሳይንስ የምትማሩ ልጆች ይሄ ለናንተ አዲስ አይደለም።

ጠቅላዩ ዝም ብለው ሰሙኝ። «ውጥረቱ እኩል ካልሆነ ግን ያበላሽበታል» ብቻ አሉ። ትክክል ናቸው፣ ሽቦው ከቦታው ፈቀቅ ካለ ሥራው ይበላሻል።

በሳምንቱ ደወሉ። «ነይ ውሰጂ»። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። የዋንዛ እንጨት ፍሬም፣ ላዩ ላይ ሃምሳ የመዳብ ሽቦ። ማስመሪያ አስቀምጬ ለካሁ፣ ዳር እስከ ዳር 2 ሚሊሜትር፣ 2 ሚሊሜትር። በጣት ሲነካ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ጨረር አይለካም፣ ማሳያ ነው። ክፍል ውስጥ ሳዞረው ግን ከኋላ ወንበር እንኳ የተኛ አልነበረም። ሻርፓክ በ1996 የፈረንሳይ ሕፃናት ሳይንስን በእጃቸው እየነኩ እንዲማሩ አንድ ፕሮግራም አስጀምሮ ነበር፣ ስሙ በኛ አማርኛ «እጅ ሊጥ ውስጥ» እንደማለት ነው። እኛ ጋ ሊጡን ያቦኩልን ጠቅላዩ ናቸው።

እንግዲህ ፓምፓችሁ ወይም ሞተራችሁ ከተቃጠለ መርካቶ ገብታችሁ «ጠቅላዩ የት ናቸው?» በሉ። ባጃጅ ነጂዎቹም ያውቋቸዋል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። «ነገ» ካሏችሁ ከሦስት ቀን በኋላ ሂዱ። ዓርብ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ለጁምዓ ዘግተው ይሄዳሉ፣ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ስልክ አትደውሉ፣ አያነሱም።

ሃያ ሁለቱን የቡና ፍሬዎች ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ከሌላው ጋር ቀላቅለው ቆልተዋቸዋል። ያን ቀን የጠጣሁት ቡና እሱ ኖሯል።