«የታመመ ሞተር አይቃኝም» ያሉኝን መካኒክ ላመስግን

ዛሬ ጠዋት የማስነሻውን ገመድ ሁለት ጊዜ ብቻ ሳብኩ። ቼይንሶዬ፣ ማለትም በሞተር የምትሠራው የሰንሰለት መጋዜ፣ ተነሳች። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት በዝቅተኛ ዙር ስትሠራ) ሰንሰለቷ ንቅንቅ አላለም። ነዳጅ ስሰጣት ወዲያው ጮኸች፣ ስለቃት ወዲያው ወረደች። ሥራዬን ትቼ ትንሽ ሰማኋት። ከጥቂት ሳምንታት በፊት «ይህቺማ አበቃላት፣ ሌላ ግዛ» ተብዬ ነበር።

ዛፍ መቁረጥና መከርከም መተዳደሪያዬ ነው። መጋዟ ስትቆም እኔም እቆማለሁ። ችግሩ የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። ከሞቀች በኋላ ነዳጁን ስለቀው ድምጿ ቶሎ አይወርድም። እየጮኸች ትቆይና ድንገት ትጠፋለች። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ የካርቡሬተሩን (የቤንዚንና አየር መቀላቀያውን) ብሎኖች በካቻቪቴ ዞር ዞር አደረጓቸውና እንዳትጠፋ ሚኒሞውን ከፍ አድርገው ሰጡኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ቤት ወስጄ ሳስነሳት ጣቴ ነዳጅ መስጫውን ሳይነካ ሰንሰለቷ ይዞራል። በመጋዝ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እግርህ አጠገብ ይዘኸው የምትራመደው ስለት አይቆምም ማለት ነው። መልሼ ስወስዳት ነው «ሞተሩ አልቋል» የተባልኩት።

ወደ እኚህ ሰው የመራኝ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። የሚሠሩት ቤታቸው ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ በየቆርቆሮው የተለዩ ብሎኖች። እንደገባሁ «ጋሼ፣ ካርቡሬተሯን ያስተካክሉልኝ» አልኳቸው። ካቻቪቴ አላነሱም። አስነስተው ሰሟት። ወደ ግራ አዘነበሏት፣ ወደ ቀኝ አዘነበሏት። ባዘነበሏት ቁጥር ዙሯ ይለዋወጣል። አጠፏትና «ልጄ፣ የታመመ ሞተር አይቃኝም። መጀመሪያ በሽታዋን እንፈልግ» አሉኝ።

ማርሚታዋን (የጭስ ማውጫዋን ድምፅ ማፈኛ) ፈቱና በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል በባትሪ እያበሩ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰውን ፒስተን አሳዩኝ። ከላይ ወደ ታች የወረዱ ስስ ጭረቶች አሉት። «ገና ነው፣ ደርሰህላታል» አሉኝ። ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው ካንዴላ ደግሞ ጫፏ ነጥቷል። ጤነኛ ካንዴላ ፈካ ያለ ቡናማ ነው። ሲነጣ አየር በዝቶ፣ ቤንዚን አንሶ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው ማለት ነው። እንደ እሷ ያለ ቱ ስትሮክ ሞተር ደግሞ ለብቻው የተቀመጠ ዘይት የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ነው። ስለዚህ ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል። በዚያው ብቀጥል ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቀር ነበር።

ከዚያ ያደረጉትን ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም። የቤንዚኑን መግቢያና የጭሱን መውጫ በላስቲክ ደፈኑ። በትንሽ የእጅ ፓምፕ ወደ ሞተሩ ግማሽ ባር ያህል ግፊት ያለው አየር ሰጡ። መለኪያው ላይ ያለው ቀስት መቆም ሲገባው ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። የሳሙና ውኃ በብሩሽ ቀቡ። ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ላስቲክ ሥር አረፋ ተነፋ። ላስቲኩን አውጥተው ሲያጥፉት ስንጥቁ ታየ። ከውጭ ምንም አይታይም ነበር። አየር በካርቡሬተሩ ሳያልፍ በዚያች ስንጥቅ በጓሮ ይገባል። ስንጥቁ ሲሞቅና ሲታጠፍ ደግሞ ይሰፋል፣ ይጠባል። ታዲያ ብሎን ቢያዞሩ በምን ይስተካከላል? ያቺ አረፋ ስትነፋ የተሰማኝን እፎይታ እስካሁን አልረሳውም።

ቀጥለው ቤንዚንና ዘይት እንዴት እንደምቀላቅል ጠየቁኝ። ለጥንቃቄ ብዬ ዘይቱን ከታዘዘው በላይ እንደማደርግ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ቀዳዳ ልኳ አንድ ነው። ዘይቱ በበዛ ቁጥር በዚያችው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳል። እኔ ልጠብቃት ብዬ ያደረግኩት ነገር ጭራሽ ሙቀቷን ያባብስ ነበር። የእኔዋ የምትፈልገው 50 ለ 1 ነው፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። አሁን በመለኪያ እቀላቅላለሁ፣ ከወር በላይ የቆየ ቅልቅልም አልጠቀምም።

ላስቲኩን ቀየሩ። ካርቡሬተሩን ፈትተው አጠቡ፣ ውስጥ ያለችውን የደረቀች ስስ ሽፋን በአዲስ ተኩ፣ ታንኩ ውስጥ የተቀመጠውን የቤንዚን ፊልትሮም ቀየሩ። በፓምፑ ድጋሚ ሞከሩ። ቀስቱ ቆመ። ካቻቪቴ ያነሱት ያኔ ነው።

ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቁ። የዝቅተኛውን ዙር ብሎን ነክተው ነዳጅ ሲሰጧት ሳትንገራገር እስክትነሳ አስተካከሉ። ቀጥሎ ሰንሰለቱ ፈጽሞ እስኪቆም ሚኒሞውን አወረዱ። መጨረሻ ላይ ወደ ከፍተኛው ዙር ብሎን መጡና «አሁን አንተ ስማ» አሉኝ። እንጨት ሳትነካ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጣት ድምጿ ትንሽ መንተባተብ አለበት። እንጨት ውስጥ ስትገባ መንተባተቡ ይጠፋና ጥርት ይላል። ባዶዋን እንደ ፉጨት ቀጭን ሆና ከጮኸች ቤንዚን አንሷታል። እኔ እኮ ለዓመታት ያንን ቀጭን ጩኸት የጉልበት ምልክት አድርጌ ነበር የማየው! በጆሯቸው ከጨረሱ በኋላ በዙር መለኪያ አረጋገጡ። ሚኒሞዋ 2,700፣ ከፍተኛው 12,700 ዙር በደቂቃ። መመሪያው የሚፈቅደው እስከ 13,000 ነው። «ትንሿን ለፒስተኑ ተውለት» አሉኝ።

ሰንሰለቱን ግን እኔው እንድሞርደው አደረጉ። መጋዟ ቀጥ ብላ አትቆርጥም፣ ወደ አንድ ጎን ትጎብጣለች ብዬ ነበር። የቀኙ ጥርሶች ከግራዎቹ አጥረው ተገኙ። በሚቀናኝ እጅ ጠንክሬ ስለምሞርድ ነው። በ4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ፣ በ30 ዲግሪ፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ምት። ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ደግሞ ከስለቱ 0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለባት፤ ጥርሱ ምን ያህል እንደሚነክስ የምትወስነው እሷ ናት። እኔ ጉብታዋን ነክቻት አላውቅም ነበር።

እየሞረድኩ አንድ ነገር አጫወቱኝ። ጆሴፍ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ በ1946 እ.ኤ.አ. አንድ የእንጨት ትል ግንድ ሲበላ አየ። ትሉ መንጋጋውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያፈራረቀ ነበር የሚቦረቡረው። ኮክስ ያንን አይቶ አንዱ ጥርስ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ የሚላጭ ሰንሰለት ሠራ። ዛሬ የሁላችንም ሰንሰለት የዚያ ዘር ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የሁለቱ ጎን ጥርስ እኩል ካልሆነ ለምን እንደምትጎብጥ አልጠፋኝም። አሁን ከእንጨቱ የሚወጣው እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ሳይሆን ወፈር ያለ ፍቅፋቂ ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ብረትም ጎድጓዱን ጠርገው፣ የተደፈነችውን የዘይት ቀዳዳ ከፍተው፣ ገልብጠው መለሱት።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ቶሎ አይጨርሱም። የእኔ አራት ቀን ፈጅቷል። ስትቸኩሉባቸው ሥራቸውን አይቀይሩም፤ የሰንሰለቱን ፍሬን በእጃቸው ሳይሞክሩም መጋዝ ከቤታቸው አይወጣም። የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በከረጢት አድርገው ሰጥተውኛል። የብሎኖቹን ልክም በወረቀት ጽፈው ከመጋዟ ጋር አስረውታል። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ሰው አራት ቀን ሳይሆን አሥር ቀንም እጠብቃለሁ።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ ማውጣት አልፈልግም። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ከምትጠቀሙበት ቅልቅል በትንሽ ጠርሙስ ያዙላቸው። ፊት የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ፤ ለጥገና ሳይሆን የሞረድኩትን ሰንሰለት ላሳይዎት።