«675 ጊዜ ያጎላል» የሚባለውን ቴሌስኮፕ እንዳትገዙ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ ደጋግሞ እየመጣብኝ ነው። «ኦሪጅናል ቴሌስኮፕ! 675 ጊዜ ያጎላል! ለልጆችዎ ምርጥ ስጦታ፣ ያሉበት እናደርሳለን፣ ዋጋ በውስጥ መስመር።» ካርቶኑ ላይ ሳተርን ከነቀለበቱ ጉብ ብሏል። ጎኑ ላይ ቀይና ሐምራዊ የጋዝ ደመና አለ። እንዲህ ያለውን ፎቶ የሚያነሳው 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ይዞ ከምድር በላይ የሚዞረው ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሌንስ ግን ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ይህንኑ ለልጃቸው በ15 ሺህ ብር ገዝተው፣ «አንተ ይሄን ነገር ትሞካክራለህ አሉ፣ እስኪ እየው» ብለው ይዘውልኝ መጡ። የትራይፖዱ እግሮች እንደ ሽቦ የቀጠኑ ናቸው። በጣት ነካ ባደረጋችሁት ቁጥር ጨረቃዋ ትወዛወዛለች፣ እስክትረጋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ማነጣጠሪያዋ ፕላስቲክ ነች፤ ብሎኗን ስናጠብቃት ወደ ሌላ አቅጣጫ ትዞራለች። ልጅቷ አንዴ አየችና «ጭጋግ ነው» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ሻጩ ሲደወልለት «አጠቃቀሙን ስላላወቃችሁበት ነው» አለ።

የአጠቃቀም ጉዳይ አይደለም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ላሳያችሁ። የዚህ ዕቃ የትኩረት ርዝመት፣ ማለትም ከፊት ሌንሱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት፣ 900 ሚሊ ሜትር ነው። ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ለማወቅ ይህን፣ ዓይናችሁን የምታስጠጉበት ትንሹ ሌንስ (የዓይን ሌንስ) ላይ ለተጻፈው ቁጥር ታካፍላላችሁ። በ20 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ 45 ጊዜ ያጎላል። በ4 ሚሊ ሜትሩ 225። ከዚያ ባርሎ የሚባለውን ባለ 3 እጥፍ ቱቦ ስትጨምሩበት 675 ይመጣል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ሻጩን ፊት ለፊት ውሸታም ማለት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ያልነገራችሁ ነገር ግን አለ። ቴሌስኮፕ በጥሩ አየር እንኳ በደንብ የሚያጎላው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ እጥፍ እስኪሆን ድረስ ነው። ለ60 ሚሊ ሜትር ሌንስ 120 ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምስሉ ይተልቃል፣ ግን ይጨልማል፣ ይደበዝዛል። በ675 ደግሞ መሬት ስለምትዞር ያነጣጠራችሁት ኮከብ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ከዕይታችሁ ይወጣል።

ዋናው ነገር ስፋት ነው፣ ብርሃን የሚሰበስበው እሱ ስለሆነ። እንጦጦ ላይ ያሉትን ሁለቱን ትልልቅ ቴሌስኮፖች ሰው ሲጠራቸው «ባለ 1 ሜትር» ነው የሚለው። ስንት ጊዜ ያጎላሉ ብሎ የሚያስተዋውቃቸው የለም።

ስፋቱም ራሱ አንዳንዴ ፎርጅድ ነው። ከፊት ሌንሱ ኋላ መሀሉ ጠበብ ያለ የፕላስቲክ ቀለበት ይደበቃል፣ የሌንሱ ጠርዝ ያለበትን ጉድለት ለመሸፈን። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሩቅ ያለ ነገር ላይ አነጣጥራችሁ ምስሉ ጥርት እስኪል አስተካክሉት። ከዚያ የስልካችሁን መብራት በዓይን ሌንሱ በኩል አብሩና ከፊት በኩል አንድ ስስ ነጭ ወረቀት ለጥፉ። ወረቀቱ ላይ የሚታየውን የብርሃን ክብ በማስመሪያ ለኩት። 60 ተብሎ 40 ከሆነ፣ በቃ ተበልታችኋል። «መለካት አይቻልም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ጊዜያችሁን አታባክኑ። የዓይን ሌንሱ መግቢያ ስፋትንም ጠይቁ። የተለመደው 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። 24.5 ከሆነ የተሻለ ሌንስ ልግዛለት ብትሉም እንደ ልብ አታገኙም።

ባይኖኩላርም ከዚህ አያመልጥም። ሌንሱ እንደ ቀይ መስታወት የሚያብረቀርቀውንና «90 በ90» የሚል የተጻፈበትን እለፉት። ትክክለኛው 7 በ50 ወይም 10 በ50 ይላል፤ የመጀመሪያው ማጉያው ነው፣ ሁለተኛው የሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር። ያገለገለም ቢሆን ሁለቱ ምስሎች አንድ ላይ ከገጠሙና ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ከሌለ ችግር የለውም።

ደግሞ በበልግ ሰማዩ ራሱ ብዙ ይሰጣችኋል። የበልግ ዝናብ ያስቸግራል እንጂ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሲያባራ የሚገኘው ሌሊት ግሩም ነው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ማታ 4 ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ስትዞሩ የታላቁ ድብ ሰባት ኮከቦች ተደፍተው ይታያሉ። ዞር ብላችሁ ወደ ደቡብ ስታዩ ደግሞ የደቡብ መስቀል ቆሟል። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ሁለተኛውን አያገኙትም። ከድቡ ጅራት ቅስቱን ተከትላችሁ ብትሄዱ ብርቱካናማ የሆነውን አርክቱረስን፣ ከዚያም ሰንቡላ ውስጥ ያለችውን ስፓይካን ታገኛላችሁ። ኮከብህ አሰድ ነው የተባላችሁ ካላችሁ ደግሞ አሰድን በመጋቢት ማታ ማታ ከአናታችሁ በላይ ፈልጉት፤ ሬጉለስ የሚባለው ብሩህ ኮከቡ ጎላ ብሎ ይታያል። ስለ ዕጣ ፈንታችሁ ግን ምንም አይነግራችሁም። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አይወጣም።

ባይኖኩላር ካላችሁ ሸርጣን ውስጥ ያለውን የኮከቦች ስብስብ እዩ። በዓይን ደብዛዛ ጉም የሚመስለው በ10 በ50 ሲታይ ብዙ ኮከብ ሆኖ ይበተናል። ወደ ደቡብ ኦሜጋ ሴንታውሪ አለ፣ ሚሊዮኖች ኮከቦች የተጠቀጠቁበት ክብ። ከመብራት ወጣ ካላችሁ ደብዘዝ ያለ ኳስ ሆኖ ይታያል። ቀለም ግን አትጠብቁ። የሰው ዓይን በደካማ ብርሃን ቀለም አይለይም፤ ስለዚህ «ጋላክሲን በቀለም ያሳያል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እዚያው ዝጉት።

መሀል ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ውጭ አገር ያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ። በፍቅረኛችሁ ስም ኮከብ ሰይመን ሰርተፊኬት እንልካለን የሚሉት ድርጅቶች የሚሸጡላችሁ ወረቀት ነው። ለኮከብ ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ሲሆን ስም አይሸጥም። እሱ በ2019 እ.ኤ.አ. አገሮች ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ ኢትዮጵያ ለአንድ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው ለሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» የሚል ስም አውጥታ ጸድቆላታል። በነፃ።

ዕቃውን ቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነ አትጣሉት። ባርሎውንና 4 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ መሳቢያ ውስጥ ወርውሩና በ20 ሚሊ ሜትሩ ብቻ ተጠቀሙ። ትራይፖዱን አሳጥሩትና ከመሀሉ አንድ የድንጋይ ከረጢት አንጠልጥሉበት፣ ይረጋል። የጨረቃን ጉድጓዶች ሙሉ ጨረቃ ሳትሆን፣ ግማሽ አካባቢ ስትሆን እዩ። ጁፒተር ማታ በሚታይበት ወቅት ደግሞ አራቱ ጨረቃዎቹ ከጎኑ ተደርድረው ይታያሉ። የጎረቤቴ ልጅም ይህን ካየች በኋላ ነው ነገሩ የጣማት።

አንዱን ዕቃ ግን ጣሉት። ካርቶኑ ውስጥ የዓይን ሌንሱ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ ጥቁር መስታወት አለች፣ ፀሐይ ለማየት ተብላ። የፀሐይ ሙቀት በሙሉ የሚሰበሰበው በእሷ አካባቢ ስለሆነ በድንገት ልትሰነጠቅ ትችላለች፤ ያኔ ብርሃኑ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሬቲና፣ ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሕመም አይሰማውም፣ ስለዚህ ልጁ መጎዳቱን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው። ትክክለኛው ፊልተር ከፊት በኩል ሌንሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ነው። የግርዶሽ መነፅርም በቴሌስኮፕ ለማየት አይሆንም።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት የሆነችበትን ግርዶሽ ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ይመጣል፤ ጅዳና መካ ላላችሁ ሙሉ በሙሉ፣ ለእኛ እዚህ በከፊል። ያኔ ይህ ሸቀጥ በየቻናሉ መጉረፉ አይቀርም። ያቺን ጥቁር መስታወት አሁኑኑ ከካርቶኑ አውጡ። ለሌላ ሰው አትስጧት፣ ሰብራችሁ ጣሏት።